ሽማግሌ የተቀመጠበት የጌም አገር

አዶኒያስ በረዶ የተጫነበት የፈረንጅ ጥድ አውርዶ ጌማችን ውስጥ ስለተከለ ተጣላን። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሃያ አንድ ቀን እንዳኮረፍንና ሦስት ሽማግሌ ግቢያችን ድረስ እንደመጣ ሲሰማ ደግሞ የባሰ ይስቃል፤ ለምጄዋለሁ።

ጌሙን የማያውቅ ስለሚኖር ከዚያ ልጀምር። እኛ ስድስተኛ ክፍል እያለን፣ በቁልፍ ስልክ ዘመን፣ «ወንዝ ማዶ» የሚባል ጌም በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንዲት መልእክተኛ ልጅ አለች፤ ወንዝ ትሻገራለች፣ የሰው ደብዳቤ ታደርሳለች፣ እንቆቅልሽ ትፈታለች፣ ከውሻ ታመልጣለች፣ ሳይመሽባት ቤቷ መግባት አለባት። ስክሪኑ ሁለት ቀለም ብቻ ነበረው። ቤት ማለት አራት ጥቁር ነጥብ፣ ዛፍ ማለት ሦስት ነጥብ፣ ወንዝ ማለት አንድ የተጣመመ መስመር ነው። የቀረውን እያንዳንዳችን በልባችን ሞላነው። የጠባችንም ሥር እዚሁ ላይ ነው፤ ሁላችንም አንድ ጌም ተጫውተን አድገናል፣ ያየነው አገር ግን ለየቅል ነው።

አሁን ሦስት ሆነን ያንን ጌም፣ ለፍቅሩ ብለን ብቻ፣ በቀለምና በአዲስ ታሪክ እንደገና እየሠራነው ነው። አዶኒያስ ኮዱን ይጽፋል፤ ቀን ቀን ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ባለ ቢሮ ለሌላ ሰው አፕ ሲሠራ ይውላል። ሃይደር ታሪኩንና ድምፁን ይሠራል፤ እሱ ሾላ ገበያ ከአባቱ ጋር ቅመም ስለሚሸጥ ላፕቶፑን የከፈተውን ሁሉ ያስነጥሰዋል። እኔ ሄሊና ደግሞ እስላለሁ። እንጀራዬ የሠርግ ካርድና የጁስ ቤት ማስታወቂያ መሥራት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኤምሲ፣ እኛ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን።

የዚህ ዓይነት ጌም አገሩ የሚሠራው ከትንንሽ ካሬ ሥዕሎች ነው። አንዱ ካሬ ሣር ነው፣ አንዱ አፈር፣ አንዱ የግድግዳ ጥግ። እነሱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ሰፈር ይሆናሉ። ሙሉ ስብስቡ ታይልሴት ይባላል፤ እኛ ዝም ብለን «ካሬዎቹ» እንላለን። እኔ በአሥራ አንድ ወር የምሳ ሰዓት ሦስት መቶ አርባ ካሬ ስያለሁ።

በዚህ ዓለም ላይ የራሴ የምለው ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሙሽራ ስም በወርቃማ ቀለም ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ካርዱ ከሠርጉ ማግስት ይጣላል። እነዚያ ካሬዎች ጌሙ ውስጥ ካልገቡ «ሄሊና የሠራችው» የሚባል አንድም ነገር አይኖርም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአዶኒያስማ ጭራሽ።

የዚያን ቅዳሜ አዶኒያስ ገና ከበሩ ሳይገባ ላፕቶፑን ከፈተ።

«ሁለት ሺህ ካሬ!» አለ። «በነፃ! በአራት ደቂቃ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የድንጋይ ግንብ አለ። ድልድይ አለ። በርሜል አለ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እነዚህ ፈረንጆች በየደጃፋቸው በርሜል ያቆማሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ዛፍ ነዋ።»

«ላዩ ላይ ያለውስ?»

«ስኖው። ቤዚካሊ ሊጠፋ ይችላል።»

«ወንዝ ማዶ በረዶ የተኛበት አገር ነው?»

«ሄሉ፣ አንቺ ሦስት ነጥብ አይተሽ ባሕር ዛፍ ነው አልሽ። እኔም ሦስት ነጥብ አይቼ ይኼን አየሁ። ማን ነው ልክ?»

«እኔ ነኛ!»

«ቴሌግራም ቻናላችን ላይ ከሺህ በላይ ሰው ይጠብቃል። አንቺ አንድ ቅጠል ሦስት ሳምንት ፈጅቶብሻል፣ ሲርየስሊ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኛ ጡረታ እንወጣለን።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

ሃይደር «ተረትና ምሳሌ ፈተና ላይ ናችሁ እንዴ?» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። እዚያ ላይ ቢቆም ይበርድ ነበር። አዶኒያስ ግን ላፕቶፑን እየዘጋ፣ «ያንቺ ሥዕል ቆንጆ ነው፤ ግን ጌም አይደለም» አለኝ። እኔም «ያንተ ጌም ነው፤ ግን የሰው ነው» አልኩት። እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ፣ እኔ ስልኬ ላይ ብሎክ አደረግኩት። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፤ ሲሄድ ነው ታክሲ የሚያጣው።

ሃያ አንድ ቀን ሃይደር በመሀላችን ተመላለሰ። የአዶኒያስን መልእክት ለኔ፣ የኔን ስድብ ለሱ እያለሰለሰ ያደርስ ነበር። በመጨረሻ ሰለቸው። «እኛ ቤት ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛው ሽማግሌ ይልካል» አለኝ በስልክ። የሚቀልድ መስሎኝ «ላክ» አልኩት። ቅዳሜ በአራት ሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ።

ከፊት አባባ ነገራ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። እነዚህ ቪላዎች የተሠሩበት መሬት የእሳቸውና የወንድሞቻቸው እርሻ ነበር፤ ዛሬ የቀራቸው ሦስት ክፍል ቤትና አንዲት ላም ነች። በድንበር የተጣላውን የሰፈር ሰው ግማሹን ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ወርቄ፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ ያንን የሚፈራ ደብተራቸውን በደረታቸው ይዘው ገቡ። ሦስተኛው የሃይደር አጎት ጋሽ ሙዘሚል ናቸው፤ ሾላ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይሸጣሉ። ሃይደር ለምን እሳቸውን እንደመረጠ ስጠይቀው «ማንንም ሰው ስለማይፈሩ» አለኝ። አዶኒያስ በመጨረሻ ገባ፤ ኮት ለብሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮት ለብሶ ሳየው ልስቅ ነበር፣ ኩርፊያ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝና ተውኩት።

አባባ ነገራ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ። «ከሥሩ ንገሩን።»

«የጠቡ ምክንያት?» አሉ እትዬ ወርቄ፣ እስክሪብቶ አንስተው።

«የመሬት ሥዕል ነው» አለ አዶኒያስ በትሕትና።

«ስፋቱ?»

«አንዱ ካሬ አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ነው።»

«ሜትር?»

«ነጥብ።»

ጋሽ ሙዘሚል ላፕቶፑ ላይ አፈጠጡና «በጣም ጠቧል» አሉ።

እትዬ ወርቄ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እኔንና እሱን አፈራርቀው አዩን። «አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ አገር። ልትጋቡ ነው?»

«አይደለም!» አልን ሁለታችንም በአንድ ትንፋሽ። እትዬ ወርቄ የሆነ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላሳዩኝም።

ከዚያ አባባ ነገራ፣ ነገሩን ሳይሰሙ፣ እንደ ደንቡ ቃል ጠየቁን። የፈረዱትን ልንቀበል፣ ወደ ኋላ ላንል። ቀድሜ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ምክንያት አለኝ። ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት የመመለሻ ሰዓቴን አሳልፌ ቤት የምገባው አባባ ነገራ ደጃፍ ተቀምጬ ወሬ ስሰማ ነበር፤ በድሮ እርሻቸው ወንዙ የት ጋ ይቀጥን እንደነበር፣ አጥሩ ምን እንደሚመስል፣ በጋ ላይ መንገዱ ከማሳው ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል። «ወንዝ ማዶ»ን ስጫወት ያንን አገር ነበር የማየው፤ ስስልም ያንኑ ነው የሳልኩት። ዳኛው በእጄ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ተንኮል እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር።

አንዱ ሲሰማ ሌላው ይውጣ ተባለ። እኔ ወጥቼ የውሃ ሮቶው ጥግ ቆምኩ። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የሽማግሌ ሳቅ! ያሳቃቸው አዶኒያስ ነው ብዬ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተጠጋሁ። በኋላ ሃይደር እንደነገረኝ ያሳቃቸው ስለ በርሜሉ የጠየቁት ጥያቄ ነው። አባባ ነገራ «የጠላ ነው?» ብለው፣ አዶኒያስ «አይ፣ ባዶ ነው» ብሎ፣ እሳቸው «ባዶውን ማን ደጅ ያቆማል?» አሉ። ጋሽ ሙዘሚልም ጫካውን አይተው ምክር ሰጡት። «ይህ ዛፍ ተደጋገመ። እንዲህ ያለ አበባ የሚደጋገምበት ምንጣፍ አምጥቼ፣ አንዷ ደንበኛዬ ዓይኔን አዞረኝ ብላ መለሰችው። ከየአራቱ ዛፍ አንዱን አጥፋ።» አዶኒያስ ስልኩ ላይ ጻፈው፤ ይህን መካድ አልችልም።

የኔም ተራ ደርሶ ተናገርኩ፣ በጣም ረጅም ተናገርኩ። አባባ ነገራ ሁለታችንንም አስቀመጡን።

«የድንበር ጠብ ሲመጣ እኔ በቃል አልፈርድም» አሉ። «ሽማግሌዎቹን ይዤ ድንበሩን በእግሬ እሄደዋለሁ። ይህንንም እሄደዋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ዓይነት መንገድ ሥሩልኝ፤ ከወንዙ እስከ ልጅቷ ቤት። የዛሬ ሳምንት እመጣለሁ። ማንንም ሳልጠይቅ ቤት የገባሁበት ያሸንፋል።»

እትዬ ወርቄ ጻፉት፣ ሁለታችንም ፈረምን።

ያንን ሳምንት ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ሠራሁ። የአጥሩን ጥላ ጨመርኩ። መንገዱን እንደ በጋ መንገድ ከማሳው ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ አደረግኩት፤ ምክንያቱም እውነቱ ያ ነው። ወንዙ ላይ መሻገሪያ ድንጋይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱን ቀለም ከአባባ ነገራ ወሬ ጋር አስተያየሁ። አርብ ዕለት አልቆ ሳየው ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። የቢሮ ጓደኛዬ ደመወዝ የተጨመረልኝ መስሏት እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።

ቅዳሜ ሁሉም በየቦታቸው ተቀመጡ። አባባ ነገራ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ኪቦርዱን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንዲያስታጥቧቸው ጠየቁ። ሃይደር አራቱን ቀስቶች አሳያቸው። ይኼ ላይ፣ ይኼ ታች፣ ይኼ ግራ፣ ይኼ ቀኝ። «እንደ በሬ ነው» አሉና ገባቸው።

ዕጣ ወጣ፤ ቀዳሚው አዶኒያስ ሆነ። ልጅቷ ከወንዙ ተነሣች። መንገዱ ነጭ ነው፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ጥዱ በሁለት ወገን ተሰልፏል። ከየአራቱ አንዱ ተነሥቷል፤ ጋሽ ሙዘሚል ይህን ሲያዩ ክራባት እንዳሰረ ሰው ቀና አሉ። አባባ ነገራ አንዴም ሳይስቱ ሄዱ። ድልድዩን ተሻገሩ፣ በግንቡ ታጥፈው አለፉ፣ በሁለት ደቂቃ ገቡ።

«ጨረስኩ» አሉና ላፕቶፑን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት።

በሁለት ደቂቃ ይጨርሳሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ቢሆንም የኔ ገና ነው።

የኔ ተከፈተ። አባባ ነገራ ወንዙን ሲያዩ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «ያ!» አሉ። «እዚህ ጋ እኮ ሦስት ድንጋይ ነበር።» ልጅቷን ወደ ቀኝ ወሰዷት። «ይኸውና! ይኸውና ድንጋዩ!» ብለው ሳቁ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። በድንጋዮቹ ተሻገሩ፣ ተመልሰው ደግሞ ተሻገሩ። እኔ ወደ አዶኒያስ ዞሬ አየሁት። እንዴት እንዳየሁት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከወንዙ ወጥተው ወደ ቤቱ አቀኑ። ዷ!

ልጅቷ ከማይታለፍ ነገር ጋር ስትጋጭ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ሃይደር በድስት ክዳን ሠርቶታል። አባባ ነገራ አጥሩን ያለፉ መስሏቸው ነበር፤ የተጋጩት ከአጥሩ ነው፣ ያለፉት ጥላውን ነው። ወደ ግራ ሞከሩ። ዷ። ወደ ታች። ዷ። እትዬ ወርቄ ሳቁ። «መንገዱ የታለ?» አሉ ጋሽ ሙዘሚል። መንገዱማ አለ፤ ከማሳው ጋር አንድ ዓይነት ቡናማ ነው እንጂ።

ዷ። ዷ። ዷ።

አሥራ አምስት ላይ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። ሳቁም ቆሟል። አባባ ነገራ አንዱን ቀስት ሲፈልጉ ሌላውን ይነካሉ። «በዚህ ነበር እኮ» ይላሉ ለራሳቸው። «በዚህ ነበር የምገባው።» ዷ። ከዚያ እጃቸውን አነሡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቅርታ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነው። «ሥራሽ ደህና ነው። እኔ ነኝ ያረጀሁት። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ እገባ ነበር።»

አፈርኩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አፈርኩ። እያንዳንዱ ቀለም ልክ ነበር፤ አጥሩ ልክ፣ ጥላው ልክ፣ አፈሩ ልክ። ሁሉም ልክ ሆኖ ግን አንድ ሽማግሌ በተወለዱበት አገር መንገድ አጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ። አሥራ አንድ ወር ስስል አንድም ጊዜ ሰው ገብቶበት አላየሁም ነበር። የመጀመሪያው ሰው ገባ፣ ያገኘውም ግጭት ነው።

«ይበቃል» አልኩ። «አባባ ይተዉት። አዶኒያስ አሸንፏል። የሱ ካሬ ይግባ።»

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አሉ እትዬ ወርቄ።

«አሸንፏል፣ ይጻፉት።»

«እኔ አላሸነፍኩም» አለ አዶኒያስ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ እያጣጠፈ ነበር።

«የኔን ሲጨርሱ እንደ መድኃኒት ዋጥ አድርገው ገፉት» አለ። «አንድ ቦታ እንኳ አልቆሙም። ያንቺ ወንዝ ላይ ግን ሳቁ። ተመልሰው ተሻገሩ፣ አላየሽም? ሁለት ሺህ ካሬ አውርጄ አንዱ አላሳቃቸውም። ያንቺ ይግባ።»

«ቤት አልገቡም እኮ!»

«መንገዱን ማንጣት ነው! ሁለት ደረጃ ብቻ! ጥላውን ማንሳት ነው!»

«ጥላው እውነት ነው!»

«እውነት ነው፣ ግን ሰው ይሰናከልበታል!»

«ለዚህ ነዋ ያንተ ይሁን የምለው!»

«አልፈልግም አልኩሽ!»

«ቃል ገብተሃል፣ አሸንፈሃል፣ ትቀበላለህ!»

እትዬ ወርቄ እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ ጣሉት። «ሃያ ሁለት ዓመት ጽፌያለሁ» አሉ። «እኔ ልሸነፍ፣ የለም እኔ ልሸነፍ ብሎ የሚጣላ አይቼ አላውቅም። ለዚህኛው ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ!»

አዶኒያስ አልሰማቸውም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያወረድኩት ስለሚያምር አይደለም፣ ሄሉ። ስድስት ወር ሙሉ አልቋል ስትይ ለመስማት ጠብቄያለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቅጠል ይቀርሻል። እንደማትጨርሺው ፈርቼ ነው።»

ትክክል ነበር። ካለቀ ሰው ያየዋል፤ ካየው ይፈርድበታል። ካላለቀ ግን ማንም ምንም አይልም፣ እኔም በየምሳ ሰዓቱ አንድ ቅጠል እያስተካከልኩ ደስ ብሎኝ እኖራለሁ። ይህን ለራሴም እንዲህ በግልጽ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ሙዘሚል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው ይረግጠዋል። አይረገጥብኝ ካልሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪውና ዕቃሽን ጠብቂ። ወለል ላይ ካዋልሽው ግን ለእግር ብለሽ ሥሪው።»

ወደ ስክሪኑ ዞርኩና አባባ ነገራ የቆሙበትን የአጥር ጥግ አየሁ።

አባባ ነገራ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ መቱ። «ዝም በሉ!» አሉ። «ምን ያጯጩኻችኋል? እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ማን ቆመ አላችሁ? የሚስተካከለውን አስተካክሉና እሄዳለሁ። እዚሁ እጠብቃለሁ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተደላድለው ተቀመጡ።

አዶኒያስ ወንበር ሳበ፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁለት ደረጃ አነጣሁት። በጋ ላይ እንዲህ አይደለም፤ ክረምት አልፎ መስከረም ላይ ግን ሊሆን ይችላል አልኩና ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ጥላው። ለጥላው ብቻ የአንድ ወር ምሳ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ። አዶኒያስ «እኔ ላጥፋው?» አለኝ። «እኔ ነኝ የሳልኩት፣ እኔው አጠፋዋለሁ» አልኩት። አጠፋሁት። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብን፤ ሃይደር በዚህ መሀል ከሾላ ያመጣውን ቆሎ ለሽማግሌዎቹ ሲያድል ነበር።

አባባ ነገራ እንደገና ጀመሩ። ልጅቷ ካቆሟት ቦታ ተነሣች። አጥሩን ዞሩት፣ አልተጋጩም። መንገዱ ላይ ወጡ። እትዬ ወርቄ ደብተሩን ረስተው በአባባ ነገራ ትከሻ ላይ ተደግፈው ያዩ ነበር፤ «በግራ፣ በግራ» ሲሉ አባባ ነገራ «አትንገሪኝ፣ ሳልጠይቅ ነው የተባለው» ብለው ተቆጡ። በዝግታ ሄዱ። አንዲት ግራር ሥር ቆሙ። ማሳው ዳር ቆሙ። «ይህ የወንድሜ ነበር» አሉ ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው። እኔ ወንድማቸውን አላውቃቸውም፤ ያንን ማሳ የሳልኩት ቦታ ለመሙላት ብዬ ነው። አልነገርኳቸውም።

ቤቱ ታየ። ልጅቷ ወደ ደጃፉ ቀረበች። አባባ ነገራ ወደ ላይ የሚወስደውን ቀስት ተጫኑ።

ዷ።

እንደገና ተጫኑ። ዷ።

ቀና ብለው አዩን። ፊታቸው ፈካ ያለ ነው፣ ልክ ከሩቅ መንገድ እንደመጣ እንግዳ።

«ደርሻለሁ» አሉ። «ክፈቱልኝ እንጂ።»

አዶኒያስ ፋይሎቹን መፈለግ ጀመረ። «የተከፈተው በር የትኛው ላይ ነው?» አለኝ። «ሁለት መቶዎቹ ላይ ነው? ሦስት መቶዎቹ?»

ሦስት መቶ አርባውንም በልቤ አውቃቸዋለሁ። የእንጨት በር ስያለሁ፣ የቆርቆሮ በር ስያለሁ፣ ማጠፊያው የዛገ በር ስያለሁ፣ ስንጥቁን ሳይቀር ስያለሁ። ሁሉም ዝግ ናቸው።

«የለም» አልኩት። «አልሳልኩትም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

እትዬ ወርቄ እስክሪብቷቸውን አነሡ። «ታዲያ ገቡ ነው የምለው፣ አልገቡም?»

«ቆይ፣ ወርቄ፣ አትቸኩዪ» አሉ አባባ ነገራ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። «ሰው አለ ውስጥ። በሩን ልትከፍት እየመጣች ነው።»

ሦስት መቶ አርባ አንደኛውን ካሬ ከፈትኩና የተከፈተ በር መሳል ጀመርኩ። አባባ ነገራ ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።